«ልዩ ልዩ» ሥር የተደበቀው ልምድ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በኤክስቴንሽን ማኔጅመንት ተምሬ ሌላ ዲግሪ ይዣለሁ። አሁን በብድር ባለሙያነት መቀጠር እፈልጋለሁ። ያመለከትኩባቸው ቦታዎች ግን ለፈተና እንኳን አልጠሩኝም። ሲቪዬን ልኬልዎታለሁ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?
ት.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ሲቪሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት ነው። ማስታወቂያው ካልጠየቀሽ ይውጣ። ቀጥሎ «ማስተማር፣ ፈተና ማውጣት፣ ማረም» ይላል። ይህን ያየ ቀጣሪ «ጎበዝ መምህርት ናት» ብሎ ያልፍሻል። አይፈረድበትም።

ዋናው ነገር ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» ሥር ተደብቋል፦ «የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ኮሚቴ አባል፣ አራት ዓመት»። ምን ነካሽ? ጠያቂው ስንት እንደቆጠበ አይተሻል። ዋሱ ለሌላ ሰውም ዋስ ሆኖ እንደሆነ አጣርተሻል። ተመላሹ በየወሩ ከደመወዝ መቆረጡን ተከታትለሻል። የብድር ባለሙያ ሥራ ይኸው ነው! (አብሮሽ ሻይ የሚጠጣን ባልደረባ «ቁጠባህ አይፈቅድም» ማለትማ የማያውቁትን ደንበኛ ከመመለስ ይከብዳል።)

ይህ ከስምሽና ከስልክሽ ቀጥሎ ይግባ። የማኔጅመንት ዲግሪሽ ይከተል፤ ሂሳቡ ከሱ በታች። «ኃላፊነቴን በአግባቡ ተወጥቻለሁ» የሚለውን ሰርዢው። ኮሚቴው በዓመት ስንት ማመልከቻ ያይ ነበር? ትልቁ ብድር ስንት ብር ነበር? ስንት ሰው መክፈል አቃተው? ቁጥሩን ከመዝገብ አውጪ እንጂ አትገምቺ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያፋጥጡሻል። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ ከሆነ ይህንንም ጻፊ። ዕቁብ እንዳይመስላቸው።

ከማስተማሩ ሁለት መስመር ይበቃል። በኤክሴል የምትሠሪው የተማሪዎች ውጤት ሮስተር አንዱ ይሁን።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲቪ መበተንም ይቅር። የድሮው አብቁተ (አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው፤ «በማይክሮፋይናንስ ተቋምዎ» ብለሽ ለባንክ ብትልኪ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ማስረጃው። የትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ «መምህርት» ብቻ ነው የሚለው። ማኅበሩ ለብቻው፣ ማህተም ያለበት፣ ከመቼ እስከ መቼ በምን ኃላፊነት እንደሠራሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጥሽ። ደመወዝ ያልተከፈለበት ስለሆነ «ሁለት ዓመት አግባብነት ያለው ልምድ» የሚል ቀጣሪ ላይቆጥርልሽ ይችላል። ስለዚህ «ዜሮ ዓመት» የሚሉትንም አትናቂ። ደመወዙ አሁን ከምታገኚው ሊያንስ ይችላልና ቤት ውስጥ ቀድመሽ ተመካከሪ።

ክሊራንስ ግን የቅጥር ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ እንዳትጠይቂ።