ትልቅ ፓርክ እንዴት ነው የሚመራው? ደሴ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ጀመዓ፣ ሳምንቱን ሙሉ "ፓርክ ውስጥ ሠርተሃል አሉ እስቲ ቁጭ ብለህ ንገረን" ስትሉኝ ነበር፣ ዛሬ ደሴ እንደልማዷ ጉሟን ለብሳለች፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶብናል የትም መውጣት የለም፣ ስለዚህ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። 17 ዓመት ፓርክ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከባለሙያነት ተነስቼ ኃላፊ (እኛ ዋርደን ነው የምንለው) እስከመሆን። የራሴን ገጠመኝ ሳወራ የቦታ ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ አሁንም እዛው ስላሉ። በሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኛ ጋ ፓርክ ሲባል የሚታየን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው ሃሃ። የምር ግን ዋርደን ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? አንበሳ ነው የምትጠብቁት?

መልስ፦ ሃሃ አብሽር፣ እናቴም እስከዛሬ "ልጄ አውሬ ያግዳል" ነው የምትለው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከየካምፑ ስካውቶች (የፓርኩ ጠባቂዎች) በራዲዮ ይገባሉ፣ ማን ገባ ማን አልገባ፣ የት ጭስ ታየ፣ የት መጥረቢያ ተሰማ። ከዛ በኋላ ያለው ቀን ናፍጣ ነው፣ አበል ነው፣ የቆመ መኪና ነው፣ ወረዳ ስብሰባ ነው፣ ፍርድ ቤት ምስክር ይዞ መሄድ ነው፣ አንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ተቀይሮ አዲሱ የድሮውን ስምምነት "እኔ አልፈረምኩም" ሲል እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። አውሬ ሳላይ ሁለት ሳምንት የማልፍበት ጊዜ ነበር። ሰው የማያውቀው ደሞ የበጀቱን ነገር ነው፣ በጀት የሚለቀቀው ሐምሌ ላይ ነው፣ ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው መንገዱ አይገባም፣ እሳት የሚነሳው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው በደረቁ ጊዜ ነው፣ ያኔ የናፍጣው በጀት አልቋል። አንድ ዓመት እሳት ሲነሳ መኪና ቆሞ እኛ በእግራችን ሦስት ሰዓት ሄደን ስንደርስ ገበሬው ራሱ በቅጠል እየመታ አጥፍቶት አረቄ አቀረበልን።

ጥያቄ፦ ትልቁ ችግር አዳኝ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። አዳኝ አለ፣ ግን አዳኝን ትይዘዋለህ ታስረዋለህ። ትልቁ ችግር ላም ናት። ልቅ ግጦሽ። አንድ ገበሬ ጠመንጃ ይዞ ቢገባ ጎረቤቱም ያወግዘዋል፣ በድርቅ ሚያዝያ ላይ ሁለት በሬ ይዞ ቢገባ ግን ማንም አያወግዘውም፣ አንተም ከልብህ አታወግዘውም። ፓርክ የሚሞተው መሀሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው፣ ሥራውም ያለው እዛ ነው። ወሰኑ ሲካለል ማን ነበር፣ የማን አያት መቃብር ከውስጥ ቀረ፣ ምንጩ የየትኛው መንደር ነበር፣ ይሄን ሳታውቅ የሲሚንቶ ምልክት ብትተክል በማግስቱ ተነቅሎ የበር ደፍ ሆኖ ታገኘዋለህ (አግኝቻለሁ፣ እንዲያውም በደንብ ነው የገጠሙት)።

ጥያቄ፦ ለምን በአጥር አይታጠርም ታዲያ?

መልስ፦ ገደሉን ማን ያጥራል? ደሞ ቤተክርስቲያን መሄጃው፣ መስጊድ መሄጃው፣ ገበያ መውጫው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ነው። ሽቦውም በሳምንቱ ዶሮ ቤት ይሆናል።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ስካውቶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው ይባላል፣ የአጎታቸውን ከብት እንዴት ነው የሚይዙት?

መልስ፦ አይይዙም እኮ! ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን አይይዙም። ጥሩ ጥያቄ ነው ግን። ከሌላ አገር የመጣ ስካውት ብታመጣ ይይዛል፣ ግን ዱካ አያውቅም ጎጡን አያውቅም፣ ማታ የሚያስጠጋውም የለ። የአካባቢው ልጅ ግን ማን መቼ እንደገባ ሳያይ ያውቃል። እኔ የተማርኩት ነገር ስካውቱን ከዘመዱ ጋር እንዳላፋጠው ነው፣ አንዱን ካምፕ የሌላኛው ቀበሌ ልጅ እንዲጠብቅ አቀያየርኩ፣ መያዝ ሲኖር ደግሞ መጀመሪያ ሽማግሌ እንዲናገር። እኛ ወሎ ውስጥ ያደግን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም፣ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች ባሉበት አገር አድገን የበሬ ነገር በፖሊስ ብቻ ይፈታል ማለት ነውር ነው። ክላሹ ትከሻ ላይ ይዋል፣ ነገሩ ግን ዛፍ ሥር ነው የሚያልቀው። ደመወዛቸውን አትጠይቁኝ፣ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ስሜን ተራሮች ፓርክ ላይ ሰው ከግጭ መንደር ተነስቶ ነው ፓርኩ ከአደጋ የወጣው ሲባል ሰማሁ፣ ትክክል ነው?

መልስ፦ በከፊል። ስሜን ተራሮች ዩኔስኮ ቅርስ መዝገብ የገባው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ውስጥ ነው ከላሊበላ ጋር። በ1996 አደጋ ላይ ያለ ተብሎ ተመዘገበ፣ ዋሊያ ቀነሰ፣ እርሻ ገባ፣ መንገድ መሀሉን ቆረጠው ተባለ። ከዝርዝሩ የወጣው 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ነው፣ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት የግጭ ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ካሳ ተቀብለው ደባርቅ ሰፈሩ። ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ የፓርኩ ወሰን ተከልሶ ሰፋ፣ አማራጭ መንገድም ተሠራ። የኔ ሀሳብ? ሳሩ ተመልሷል፣ እሱን አልክድም። ግን ገብስ ሲያመርት በግ ሲያረባ የኖረን ሰው ከተማ ቤት ሰጥተህ ብር ሰጥተህ "በል ነግድ" ስትለው ምን እንደሚሆን ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ሰው ማንሳት ካለብህ የሚነሳበትን ቀን ብቻ አይደለም በጀት የምትይዝለት፣ አሥር ዓመቱን ነው። ነጭ ሳር ፓርክንም እዩት፣ አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ተዋውሎ ገባ፣ ውስጡ ያለው የሰው ጉዳይ ሳይፈታ ቀርቶ በ2008 ጥሎ ወጣ። ብር ነበረው፣ መኪና ነበረው፣ ባለሙያ ነበረው።

ጥያቄ፦ እሺ በሰው የተሳካ አንድ ቦታ ጥራልን

መልስ፦ ጓሳ! መንዝ ያለው የሳር ቦታ። ሩቅ አይደለም እኮ ከኛ። እዛ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረ (ቅርብ ጊዜ የሰማነውን ቄሮ ማለቴ አይደለም፣ ያኛው 400 ዓመት ገደማ ይሆነዋል)። ሁለት ኃላፊ ይመረጣል፣ ጓሳው ለሦስት ለአራት ለአምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሳሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሰው አጭዶ ለቤት ክዳን ለገመድ ይወስዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሳይከፈት የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። በ1967 በኛ አቆጣጠር የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ፣ በኋላ ገበሬው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው። አሁን ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ። ልብ በሉ፣ እነሱ ቀበሮ እንጠብቅ ብለው አልተነሱም፣ ሳራቸውን ነው የጠበቁት፣ ቀበሮው በሳሩ ዳነ። እኔ ይሄን ቦታ ያየሁት ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ዓመት ነው፣ መጀመሪያ ባየው ኖሮ ስንት ስብሰባ ይቀርልኝ ነበር።

ጥያቄ (ሹፌር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ)፦ እኔ ፓርክ ገብቼ አላውቅም ግን ስለመኪና አደጋ ምን ትላለህ

መልስ፦ ወንድሜ ገብተሃል፣ አላወቅከውም እንጂ! ባቲን ወርደህ ሚሌን አልፈህ ወደ ሰርዶ ስትሄድ ያለው ሜዳ የዱር አህያ ጥብቅ ቦታ ነው። ሚሌ ሰርዶ ይባላል። አህያ ናት ብለህ እንዳትንቃት፣ እግሯ ላይ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያላት፣ በዓለም ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ በእርግጠኝነት ያለች፣ ያለችውም በመቶዎች ብቻ ነው የምትቆጠረው፣ የኛ የቤት አህያ ዘሯ ከሷ ነው። አዋሽ ፓርክም እንደዛው ነው፣ አስፋልቱም ባቡሩም በፓርኩ ውስጥ ነው የሚያልፉት። መንገድ ያለው ፓርክ ስትመራ ግማሹ ሥራህ ከሹፌር ጋር ነው፣ ታርጋ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማታና ንጋት ላይ ቀነስ አድርጉ በቃ፣ እንስሳው የሚሻገረው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ በኛ 2011 ላይ ስሜን ሲቃጠል ለምን ከእስራኤል እሳት አጥፊ መጣ? እኛ ምን ነካን?

መልስ፦ እኛማ ቀድመን ነበርን፣ የደባርቅ ሰው ስንቅ ይዞ ስንት ቀን አደረ። ችግሩ እሳቱ ገደል ውስጥ ገባ፣ ገደል ውስጥ ቅጠል ይዘህ ምን ታደርጋለህ? ሳሩ ጠፋ ስትል የአስታው (የደጋ ቁጥቋጦ ነው) ሥር ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል፣ ንፋስ ሲነሳ እንደገና። ለዛ ነው ሄሊኮፕተር ከኬንያ ባለሙያ ከእስራኤል የመጣው ሚያዝያ ላይ። ዋርደን ማድረግ የሚችለው ከዛ በፊት ነው፣ እሳት መከላከያ መስመር ማጽዳት፣ ማር ቆራጮችን ማወቅ (እሳት ብዙ ጊዜ ከማር ቆራጭ ጭስ ወይ ሳር ለማደስ ከሚለኩስ እረኛ ነው)፣ ስልካቸውን መያዝ። ደብተሬ ላይ ከሚኒስትሮች ስልክ ይልቅ የማር ቆራጮች ይበዛ ነበር፣ ወላሂ።

ጥያቄ፦ ጦሳ ተራራ ፓርክ ይሁን ብለን ፊርማ ብናሰባስብስ?

መልስ፦ ባህር ዛፉን ልትጠብቁት ነው? ሃሃ። ደን ይሁን በሉ፣ ያዋጣል። ፓርክ ማየት ለምትፈልጉ እዚሁ የኛው ቦረና ሳይንት አለ፣ በአቀስታ አድርጋችሁ መካነ ሰላም ነው። በፊት ደንቆሮ ጫካ ነበር የሚባለው፣ ስሙን ሲሰሙ ሰው ይስቃል እንጂ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም የምኒልክ ድኩላም ያለበት ጫካ ነው። ደሴ ተወልዶ ላንጋኖ ሦስት ጊዜ ሄዶ ይሄን ያላየ ሰው አውቃለሁ፣ ዘመዴ ነው።

ጥያቄ፦ በውጭ እነ የሎውስቶን እንዴት ተሳካላቸው? ብር ብቻ ነው?

መልስ፦ ብር አላቸው፣ 1872 እ.ኤ.አ. ላይ ነው የተቋቋመው፣ ወደ 9000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ ስሜን ሃያ ጊዜ ይገባበታል ማለት ይቻላል። ግን እነሱም ጋ የሚያጨቃጭቀው ጠርዙ ነው። ጎሾቻቸው (ባይሰን የሚባለው ጎራዳ ትልቁ) በክረምት በረዶ ሲበዛባቸው ከፓርኩ ወጥተው ሞንታና ይገባሉ፣ ከብት አርቢው በሽታ ያመጡብኛል ብሎ ይጮሃል። ተኩላውን በ1995 ሲመልሱት ከዛው አርቢ ጋር ነው ፍርድ ቤት የተካሰሱት። በ1988 ደግሞ አንድ ሦስተኛው የሚሆነው ነደደባቸው፣ ተፈጥሮ ራሱ የለኮሰውን እሳት ሁሉ አናጠፋም የሚል ፖሊሲ ነበራቸውና አገር ምድሩ ሰደባቸው። እና የኔ ቢጤው ዋርደን እዛም የላም ባለቤት ነው የሚያናግረው፣ ልዩነቱ ባለላሙ ጠበቃ አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ሴት ነኝ፣ ዋርደን መሆን እፈልጋለሁ ቤተሰብ ግን ጫካ ትሄጂ ይላሉ

መልስ፦ እህቴ ሂጂ። ካምፕ መጀመሪያ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም፣ ሽንት ቤት የሌለበት ካምፕ አለ፣ ስትቀጠሪ ይሄን ጠይቂ፣ አትፈሪ፣ ኃላፊው ካፈረ ይሠራል። ዱር እንስሳውን ከመጽሐፍ ታገኚዋለሽ። ሌላ ሁለት ነገር ጨምሪበት፣ አንዱ ሂሳብ አያያዝ ነው፣ ሰነድ ማንበብ የማይችል ዋርደን ፋይናንስ ይጫወትበታል። ሌላው ከሴቶች ጋር ማውራት ነው፣ እኛ ወንዶቹ 17 ዓመት ከወንድ ሽማግሌ ጋር ስንሰበሰብ እንጨት የሚለቅሙት ሴቶች ምን እንደሚሉ ሳንሰማ ነው የኖርነው። አንቺ ምንጩ ላይ ትሰሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮን ማን ነው የሚጨርሰው፣ ሰው ይገድላል?

መልስ፦ ውሻ። የእረኛው ውሻ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለውን ሌላ የውሻ በሽታ ያጋባበታል። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል ለየብቻው ያድናል፣ ግን ማታና ጠዋት በመንጋ ይገናኛል ይላላሳል፣ አንዱ ከታመመ ሁሉም። ባሌ ላይ በ1991 እና 92 እ.ኤ.አ. በእብድ ውሻ በሽታ ከአንዳንዱ ሸለቆ አብዛኛው አለቀ። በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀበሮ 500 አይሞላም፣ አስቡት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ያህል የለም። ስለዚህ ፓርክ መምራት የውሻ ክትባት ማስተባበርም ነው፣ ገበሬው "ለኔ ልጅ ክትባት ጠፍቶ ለውሻዬ መጣህ?" ሲልህ መልስ ይዘህ መሄድ አለብህ። እኔ መልስ አልነበረኝም፣ የሚቀጥለው ዙር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አብሬ ይዤ ሄድኩ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ለምን ተውከው?

መልስ፦ ጉልበቴ። ሌላም አለ ግን ጉልበቴ በሉት። አንድ ሰውዬ ነበር፣ በሬውን ሁለት ጊዜ ይዤበታለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ልጁ አለቀሰ፣ ልጁን አልረሳውም። ባለፈው ሰኞ ገበያ ድንች ስገዛ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ፣ እሱ ነው፣ አርጅቷል። ደነገጥኩ እውነቱን ለመናገር። ሳቀ፣ ቡና ጋበዘኝ፣ በሬውን ሸጦት ያቺን ልጅ... ልጁ ሴት ናት ለካ፣ እኔ ወንድ መስላኝ ነበር፣ ነርስ ሆናለች። "አንተ ባትይዘው አልሸጠውም ነበር" አለኝ፣ እየመረቀኝ ይሁን እየረገመኝ አልገባኝም፣ ቡናውን ግን ሦስቱንም ጠጣን።

በሉ መብራት ሄደ፣ ስልኬም እየዘጋ ነው፣ የሐይቁ ልጅ ስለ አሳው የጠየቅከውን ነገ።