ጥያቄና መልስ፦ ለ«ኤሚልና መርማሪዎቹ» አዲስ ሽፋን

የዚህ ወር ልምምዳችን የጀርመናዊው ኤሪክ ኬስትነር በፈረንጅ አቆጣጠር የ1929 የልጆች ልብ ወለድ ነው። «በአማርኛ ቢታተም» ብለን ሽፋን እንሠራለታለን። ላላነበባችሁ፦ ኤሚል ቲሽባይን አያቱን ሊጠይቅ ከትንሽ ከተማ በባቡር ወደ በርሊን ይሄዳል። እናቱ ፀጉር ሠርታ ያጠራቀመችው 140 ማርክ ኪሱ ውስጥ አለ። እንዳይጠፋበት ከኮቱ ገበር ጋር በስፒል ወግቶታል። እንቅልፍ ሲጥለው ክብ ባርኔጣ ያደረገ ተሳፋሪ ይሰርቀዋል። በርሊን ሲደርስ የመኪና ጡሩምባ ይዞ የሚዞር ጉስታቭ የሚባል ልጅ ጓደኞቹን ይሰበስብና ሌባውን መከታተል ይጀምራሉ። የሚመልስልን ሁላችሁም የምታውቁት ጋሽ ሽፋን ነው።

የጉለሌው፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ሽፋን፦ መጽሐፉን ከማንበብ። አንብበኸዋል?

የጉለሌው፦ ማጠቃለያውን አይቻለሁ።

ጋሽ ሽፋን፦ አንብበህ ና።

ሐምራዊት፦ የመጀመሪያውን ሽፋን ሁሉም ያደንቀዋል። ለኔ ግን ባዶ ቢጫ ነው። ምኑ ነው የሚደነቀው?

ጋሽ ሽፋን፦ ባዶ ቢጫ ያልሽው ልክ ነው። ሽፋኑም የቆመው በዚያ ባዶ ነው። ሠዓሊው ዋልተር ትሪየር ነው፤ በ1890 ፕራግ ተወልዶ በርሊን ውስጥ ለመጽሔትና ለጋዜጣ የሚሥል ሰው ነበር። ከኬስትነር ጋር ያገናኘቻቸው አሳታሚዋ ኤዲት ያኮብሶን ናት። ኬስትነርን «ለልጆች ጻፍ» ያለችውም እሷው ናት። ምን አደረገ መሰለሽ? ሁለት ልጆች ከማስታወቂያ ዓምድ ኋላ ተደብቀዋል፤ ራቅ ብሎ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ አለ። በመሃላቸው ጭር ያለ ቢጫ መንገድ። ሌላ ሰው የለም፣ መኪና የለም። በርሊንን የሚያህል ከተማ ጭር! አሁን ራስሽን ከልጆቹ አጠገብ አቁሚው። አንድ እርምጃ ብትወጪ ትታያለሽ። መደበቂያው አንድ ዓምድ ብቻ ነው። መንገዱን በሰውና በጋሪ ቢሞላው ኖሮ መደበቅ ቀላል ይሆን ነበር፤ ፍርሃቱም ይጠፋ ነበር። እኛ ሰፈር ሌባና ፖሊስ ስንጫወት እኮ የሚያስፈራው ሜዳውን ማቋረጥ ነው።

ትሪየር አይሁዳዊ ስለነበር በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያ «ሊሊፑት» ለሚባል መጽሔት ከ1937 ጀምሮ ለዓመታት ሽፋን ሠራ፤ ሁልጊዜም አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ውሻ። በየወሩ ሦስቱኑ ይሥላል፣ በየወሩ ግን ሌላ ነው። «ሐሳብ አለቀብኝ» የምትሉኝ ይህን አስቡ። የሞተው በ1951 ካናዳ ውስጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁላችሁም፦ የሌባውን ፊት አታሳዩ። ፊቱ ከታየ ክፉ መሆኑን እናንተ ነገራችሁ ማለት ነው። ልጁ ራሱ ይጠርጥረው።

የቅዳሜ አንባቢ፦ እኔ ሰውም መንገድም ትቼ አንድ ትልቅ ስፒል ብቻ ልሥል አስቤያለሁ።

ጋሽ ሽፋን፦ ይሄ ነው ጥያቄ። ቀጥል።

ማዕዘን፦ ይቅርታ፣ ግን ስፒሉ የታሪኩ መፍቻ አይደለም እንዴ? ልጆቹ ባንክ ቤት ውስጥ የሚያረጋግጡት በምን ሆነና? ሽፋኑ ላይ ካወጣኸው መጨረሻውን ነገርክ።

የቅዳሜ አንባቢ፦ ያላነበበ ምን ያውቃል? ስፒል አየ፣ አለቀ።

ማዕዘን፦ ልጅ ሞኝ አይደለም።

ጋሽ ሽፋን፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የምትከራከሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ስፒሉ የሚመጣው መጀመሪያ ላይ ነው። ኤሚል ባቡር ውስጥ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ብሩን ከገበሩ ጋር ሲወጋው አንባቢው እያየ ነው። የተደበቀ ነገር የለም። የሚደበቀው ቀዳዳው ነው! ሌባው ሲያዝ አንድ የመቶና ሁለት የሃያ ማርክ ወረቀቶች ናቸው የሚታዩት፤ ስፒሉ የበሳቸው ቀዳዳ ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ስፒሉን ሣል፣ የተበሳ ብር ግን አትሣል። ስፒል ብቻውን «ይሄ ምንድን ነው?» ያሰኛል፤ የተበሳ ብር መልሱን ይናገራል። የመርማሪ ታሪክ ሽፋን ሁሉ እዚህ ይፈተናል። ልጁ መጽሐፉን ሲጨርስ ወደ ሽፋኑ ተመልሶ «አሃ፣ ለካ ፊቴ ነበር!» ማለት አለበት።

አሁን ስፒሉን የት ታደርገዋለህ? መሃል ላይ ካጋደምከው የልብስ ሰፊ ማስታወቂያ ይሆናል። የኤሚል ኮት ሰማያዊ ነው። ሽፋኑን ሙሉ ጨርቅ አድርገው፤ ስፒሉ ወግቶ ገብቶ በሌላ በኩል ይውጣ፤ ርዕሱም በስፒሉ እንደተያዘ ይምሰል። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ቶሎ ሥራው።

ቀለም ጠብታ፦ ጋሼ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?

ጋሽ ሽፋን፦ ለምኑ?

ቀለም ጠብታ፦ በአጠቃላይ።

ጋሽ ሽፋን፦ በአጠቃላይ ጥሩ ቀለም ይሻላል።

ማዕዘን፦ 😄

የጉለሌው፦ አንብቤ መጣሁ፣ ግማሹን። ታሪኩን አዲስ አበባ ባመጣውስ? ኤሚል መርካቶ ላይ፣ ጉስታቭ ሊስትሮ ሆኖ። የኛ ልጅ የማስታወቂያ ዓምድ አያውቅም።

ጋሽ ሽፋን፦ አይሆንም። ልጁ ሽፋኑን ገልጦ ሲገባ ኖለንዶርፍ አደባባይና የባቡር ጣቢያ ነው የሚያገኘው። ተታልያለሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሐምራዊት፦ እኔ ግን ከጉለሌው ጋር ነኝ። የውጭ መጽሐፍ ሁሉ ፈረንጅ ልጅ ተሥሎበት ሲመጣ እኛ ራሳችንን የት እናያለን?

ማዕዘን፦ ለዚያ የኛን ታሪክ መጻፍ ነው እንጂ የበርሊኑን ልጅ ጫማ ማስጠረግ አይደለም።

ሐምራዊት፦ ማን ነው የሚጽፈው? ማንስ ያሳትመዋል?

ማዕዘን፦ ይሄ ሌላ ርዕስ ነው።

ሐምራዊት፦ ሁሌም «ሌላ ርዕስ» ነው።

ጋሽ ሽፋን፦ እናንተ ልጆች፣ ሐምራዊት ያነሳችው ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ሽፋን ግን አይፈታም። ስለ ዓምዱ ብቻ ልበል። የመጀመሪያዎቹን በርሊን ላይ ያቆመው ኤርንስት ሊትፋስ የሚባል አታሚ ነው፣ በ1855። ወረቀት በየግድግዳው እየተለጠፈ ከተማው ስለተቆሸሸ ነበር። ማስታወቂያ የተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? የለም። ወፍራም ክብ ዓምድ አድርጋችሁ ወረቀት ለጥፉበት፤ ይገባዋል።

ከዲሲ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፣ ይቅርታ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በእንግሊዝኛ አንብቦታል። ከሁሉ የወደደው ስልክ የሚጠብቀውን ትንሹን ልጅ ነው። እሱን የሣለ አለ?

ጋሽ ሽፋን፦ እህቴ፣ ከሠዓሊዎቹ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ጠየቁ። ትንሹ ዲንስታግ! ስሙ «ማክሰኞ» ማለት ነው። ሌሎቹ ሌባ ሲያሳድዱ፣ ታክሲ ሲሳፈሩ፣ ሆቴል ደጅ ሲጠብቁ እሱ ቤቱ ስልክ አጠገብ ተቀምጧል። ወሬ የሚያቀባብል ሰው ያስፈልጋላ። ሁሉ ነገር ያመለጠው እሱን ነው፤ ሆኖም አልተነሳም። መጨረሻ ላይ የኤሚል አያት ለይተው የሚያመሰግኑት እሱን ነው። እስቲ አስቡት፦ ጨለማ ክፍል፣ ወንበር ላይ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ፣ ከፊቱ ጥቁር ስልክ። በመስኮቱ የከተማው መብራት። የመርማሪ ታሪክ ነው፣ ግን ማንም አይሮጥም። ይህን ደፍሮ የሚሠራ ካለ ሥራውን ራሴ እየተከታተልኩ አየዋለሁ። ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።

የቅዳሜ አንባቢ፦ ስለ ርዕሱ። «መርማሪዎቹ» ሲባል ለኔ የሚመጣብኝ ጣቢያ ውስጥ ቃል የሚቀበል ኢንስፔክተር ነው። «ደቴክቲቮቹ» አይሻልም?

ማዕዘን፦ አማርኛ ቃል እያለ?

የቅዳሜ አንባቢ፦ ልጆች «ደቴክቲቭ» ነው የሚሉት።

ማዕዘን፦ ልጆች ብዙ ነገር ይላሉ።

ሐምራዊት፦ «ሌባ አሳዳጆቹ» ቢባልስ?

ጋሽ ሽፋን፦ ትርጉም የኔ ሥራ አይደለም። እኔን የሚመለከተኝ የፊደሉ ብዛት ነው፤ «መርማሪዎቹ» ስድስት፣ «ደቴክቲቮቹ»ም ስድስት። እኩል ናችሁ፣ ሂዱ። ከላይ «ኤሚልና» አራት ነው። አራት በስድስት ላይ፣ ሁለት መስመር፤ መልካም ቅርጽ ነው። ሁለቱን መስመር በስፋት እኩል ለማድረግ ብላችሁ ግን የላይኛውን እንዳትወጥሩት።

ቀለም ጠብታ፦ ለምን? ሞላ ብሎ ያምራል እኮ።

ጋሽ ሽፋን፦ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ መለስኩ? አሁንም እመልሳለሁ። የኛ ፊደል ቋሚው እግር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ወደ ጎን ስትወጥረው ወፍራሙ ይበልጥ ይወፍራል፣ ቀጭኑ ባለበት ይቀራል። እግሩ ያበጠ ሰው ይመስላል። መስመሩ ካነሰህ ፊደሉን በሙሉ አሳድገው፤ ወይም ቦታውን ተወው። ባዶ ቦታ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ወንጀል ዙሪያውን ወፍራም መስመር ማልበስ ነው። ላቲን ፊደል ይችለዋል። የኛ ግን ድምፁን የሚለየው በጥቃቅን ምልክት ነው። «ኢ» ከእግሩ ግርጌ ጭረት አለው፣ «ኤ» ቀለበት። ቀለበቱን መስመር ሲደፍነው «ኤሚል» «ኢሚል» ይሆናል፤ ልጁን በሽፋኑ ላይ ስሙን ቀየራችሁት። የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በእጄ የጻፍኩት ርዕስ ውስጥ «ሌባ» የሚል ቃል ነበረ። ስሙን የማልጠራው ማተሚያ ቤት «ይድመቅ» ብሎ በላዩ ቀለም ጨመረበት። ቀለበቱ ተደፈነና መጽሐፉ «ሊባ» ተብሎ ወጣ። የሰፈር ልጆች ለዓመታት «ጋሽ ሊባ» ነው ያሉኝ።

ካፒታል ፊደልም የለንም፤ ስለዚህ «የመጀመሪያውን ፊደል አግንኑት» የሚል የፈረንጅ ምክር ሁልጊዜ አይሠራልንም። የኛ ጸሐፊዎች ብራና ላይ ሲያደምቁ የተጠቀሙት ቀይ ቀለም ነው። ቢጫ ላይ ቀይ ርዕስ፣ በቃሎቹ መሃል ሁለት ነጥብ። ሞክሩት። በእጅ መጻፍ የሚችል በእጁ ይጻፍ። የማይችል ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን የኮምፒውተር ፊደሎች ይጠቀም፤ የደፈረ ደግሞ ወረቀት ቆርጦ በመቀስ ያውጣው፣ የልጆች መጽሐፍ አይደል።

ማዕዘን፦ ኒያላስ?

ጋሽ ሽፋን፦ ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ቤት አለ።

የጉለሌው፦ በኤአይ ብሠራውስ?

ጋሽ ሽፋን፦ ያወጣልህን ፊደል አንብበህ ላክልኝ።

የቅዳሜ አንባቢ፦ ለማተሚያ ቤት ስንሰጥ ምን ምን እንጠንቀቅ?

ጋሽ ሽፋን፦ ከመላክህ በፊት ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት፣ ቀይረህ እየው፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካን ወረቀት ላይ ይሞታል። ንጹሕ ቢጫ ግን ከአራቱ ቀለማት አንዱ ስለሆነ አይሞትም፣ ደስ ይላል። በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ፣ ማለትም ሲከረከም የሚቆረጥ ትርፍ ሥዕል፣ ተው። ጎኑን አትርሳ፤ መደርደሪያ ላይ የሚታየው እሱ ነው። 160 ገጽ 80 ቅጠል ነው፤ ተራ ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጎኑ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቀሪውን አታሚህን ጠይቅ።

ቀለም ጠብታ፦ ለአንድ ሽፋን ስንት ልጠይቅ?

ጋሽ ሽፋን፦ እዚህ አይመለስም።

ሐምራዊት፦ የትሪየርን ሥዕል ወስጄ ብቀይረውስ? የቆየ ነው።

ጋሽ ሽፋን፦ አውሮፓ ውስጥ ሠዓሊው ከሞተ 70 ዓመት ካለፈ ሥዕሉ ነፃ ነው፤ ትሪየር ከ2022 ጀምሮ አልፎታል። የኬስትነር ጽሑፍ ግን ሌላ ነው፤ የሞተው በ1974 ነው፣ እዚያ ገና ብዙ ይቀረዋል። የኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) 50 ዓመት ይላል። ለልምምድ ማንም አይከሳችሁም፤ ልትሸጡ ከሆነ ባለመብቱን ጠይቁ። ጠበቃ አይደለሁም። ደግሞስ ትሪየር የሠራውን መልሶ መሥራት ምን ልምምድ ነው?

ማዕዘን፦ የኬስትነር መጻሕፍት ተቃጥለው የለ? ያ ሽፋኑ ላይ ቢገባስ? እሳት ምናምን።

ጋሽ ሽፋን፦ ሜይ 10 ቀን 1933 ናዚዎች በርሊን አደባባይ ላይ አቃጥለዋል፤ እሱም እዚያው ቆሞ አይቷል። ኤሚልን ግን ያኔ አልነኩትም፤ ሕዝቡ ይወደው ነበር። ሽፋን ላይ? በፍጹም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚፈልገው ሌባው ይያዝ አይያዝ ማወቅ ነው። ያን በመግቢያው ጻፈው።

የጉለሌው፦ ጋሼ፣ ጨርሼ አነበብኩት! ይኸው ረቂቅ፦ ልጆቹ ከዓምዱ ኋላ፣ ሌባው መንገዱ ላይ፣ ርዕሱ በቀይ። ሥዕሉን ለጥፌዋለሁ።

ጋሽ ሽፋን፦ ጎሽ። ሰውዬውን በግማሽ አሳንሰው፣ ወደ ጥግ ግፋው። አሁን ከልጆቹ ጋር ሻይ ሊጠጣ የመጣ ይመስላል። ዞር አድርገው፣ ፊቱ ይታያል። ከጉስታቭ ኪስ ጡሩምባው ብቅ ማለቱን ወድጄዋለሁ፣ እንዳትነካው።

«ኤሚልና»ን ደግሞ ወጥረኸዋል። አይቼዋለሁ።

የጉለሌው፦ ትንሽ ነው እኮ ጋሼ፣ 10 በመቶ።

ጋሽ ሽፋን፦ መልሰው።