«አልተስማማኝም» ማለት አለርጂ ነው? ጥያቄና መልስ

ፋርማሲ ውስጥ ከምሰማቸው ቃላት ሁሉ የምታስቸግረኝ «አልተስማማኝም» ናት። ሆዱ የተረበሸውም፣ ትንፋሽ ያጠረውም እሷኑ ይላል። እስቲ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ።

ጥያቄ፦ አሞክሳሲሊን ስወስድ ተቅማጥ ይይዘኛል። ካርዴ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ይጻፍልኝ?

መልስ፦ ኧረ አይጻፍ! አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን የሆነ አንቲባዮቲክ ነው፤ ተቅማጡ የአንጀትህን ጥሩ ባክቴሪያዎች ጭምር ስለሚገድል ነው። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። አለርጂ የሚባለው የሰውነትህ መከላከያ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው። አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረ ማስፋቅ ፈተና ነው፤ ሁሌ ሌላ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም ውድ የሆነው፣ ይታዘዝልሃል።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ፔኒሲሊን ሽፍታ አውጥቶብኝ ነበር አሉ። አሁን 34 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ እናትህን በደንብ ጠይቃቸው። ከስንት ሰዓት በኋላ ወጣ? ከንፈርህ አብጦ ነበር? ትንፋሽህስ? የልጅ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ልጁን ካሳመመው ከራሱ ከቫይረሱ ይመጣል፤ ስሙ ግን በመድኃኒቱ ላይ ይቀራል። እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ ካላቸውም ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላ ይለቃቸዋል። ቤት ውስጥ ግን እንዳትሞክረው! ምርመራው ሐኪም ባለበት ነው።

ጥያቄ፦ ለወባ ክሎሮኪን ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አደረ። ሽፍታ የለም።

መልስ፦ ይህ እኛ አፍሪካውያን ላይ የታወቀ ነገር ነው። ያሠቃያል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም፤ በጥቂት ቀናት ይተዋል። የ3 ቀኑን መድኃኒት በራስሽ አታቋርጪ፤ ለሰጠሽ ባለሙያ ንገሪው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ከጀመሩ ወዲህ ደረቅ ሳል አለቀቃቸውም።

መልስ፦ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሐኪማቸው ይቀይርላቸዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። አለርጂ ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! ያንን መድኃኒትም ዳግም አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ልደንግጥ?

መልስ፦ በደቂቃዎች ወይም በሰዓት ውስጥ ቆዳ እያበጠ ሲያሳክክ፣ ፊት ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ራስ ሲያዞር። ይህ በጭን ጡንቻ አድሬናሊን፣ የከባድ አለርጂ መርፌ፣ የሚወጋበት ነው። ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ እንደ ኮትሪሞክሳዞል (አንቲባዮቲክ ነው) ያሉ መድኃኒቶች ከተጀመሩ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የአፍና የዓይን ቁስል፣ የቆዳ መላላጥ ከመጣ አትጠብቁ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ሽንቴን አቀላው!

መልስ፦ ከቲቢ መድኃኒቶቹ የአንዱ፣ የሪፋምፒሲን፣ ቀለም ነው። ነጭ ሸሚዝህን ከላብህ ጠብቅ እንጂ መድኃኒትህን ቀጥል።