የተቆረጠው የኧርዝ ሽቦ

ጥያቄ፦ ለቤቴ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስድስት ሶኬት ያለው ዲቫይደር በብረት ሣጥን ሠርቻለሁ፤ የውስጡን ሽቦ ያበጀሁት ከስፒከር ገመድ ትራፊ ነው። ማይክሰሩና አምፕሊፋየሩ በሣጥኑ፣ ኮምፒውተሩ በሌላ የግድግዳ ሶኬት ሲሰኩ ስፒከሮቹ ያለማቋረጥ «እምምም» ይሉ ነበር። ጓደኛዬ በመከረኝ መሠረት ወደ ሣጥኑ የሚገባውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ስቆርጠው ድምፁ ጠፋ። ሆኖም የድምፅ ገመዱን ነቅዬ ሣጥኑን ስነካ በስሱ ይነዝረኛል። ባለ10 አምፔር ፊውዝ አለው፤ ያሰጋል ወይ?

መልስ፦ እጅግ ያሰጋል። ሣጥኑን አሁኑኑ ይንቀሉት፤ የቆረጡት የኧርዝ ሽቦ፣ ማለትም ሣጥኑን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው፣ ሳይመለስም ዳግመኛ አይሰኩት። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም፤ 30 ሚሊአምፔር ገደማ የሆነ ኮረንቲ በሰው አካል ውስጥ ከቆየ ለሕይወት ሊያሰጋ ሲችል፣ የእርስዎ ፊውዝ ከዚህ ከ300 እጥፍ በላይ የሚሆነውን ሳይቃጠል ያሳልፋል። ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ተፈትቶ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው በኧርዙ በኩል በኃይል ሲመለስ ነው ፊውዙ የሚቃጠለው፤ ኧርዝ ከሌለ ግን ሣጥኑ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆያል፣ ወደ መሬት መውረጃውም የሚነካው ሰው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ስኮትላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በዌልስ፣ ስዋንዚ ከተማ፣ መድረክ ላይ እንዳለ ኧርዝ ያልነበረውን ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

የሚነዝርዎት ከመሣሪያዎቹ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮች የሚሾልክ ጥቂት ኮረንቲ ሳይሆን አይቀርም። የድምፅ ገመዱ ሲሰካ የማይነዝርዎት በገመዱ መከለያ ሽቦ አልፎ ወደ ኮምፒውተሩ ኧርዝ ስለሚሄድ ነው፤ ይህ ግን ሊያዘናጋዎት አይገባም፤ ያ ቀጭን ሽቦ ትልቅ ብልሽት ሲመጣ ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ራሱ ሊቀልጥ ይችላልና።

ጓደኛዎ የድምፁን ምክንያት አልሳቱም። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ሶኬት ኧርዝ ሲያገኙ በድምፅ ገመዱ በኩል ቀለበት ይፈጠርና የ50 ኸርዝ ኮረንቲ ይዞርበታል። ቀለበቱ መቆረጥ ያለበት ግን በድምፁ መስመር ላይ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩንም በዚያው ሣጥን ላይ ይሰኩት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በኮምፒውተሩና በማይክሰሩ መካከል፣ ድምፁን እያሳለፈ የሽቦ ግንኙነቱን የሚለያይ የድምፅ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያስገቡ።

የስፒከር ገመዱን ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ ሽፋኑ ለ220 ቮልት የተሠራ አይደለም። ለ10 አምፔር ባለ1.5፣ ለ16 አምፔር ባለ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ። ኧርዙን ከሣጥኑ ጋር ሲያገናኙ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ ለሌላ ሥራ በማያገለግል ቡሎን፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ አጥብቀው ይሰሩት። ከሌሎቹ ሽቦዎች ትንሽ አስረዝመው ይተዉት፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ ሊሆን ይገባል። ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ተገልብጦ ሊሰካ ስለሚችልም ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙንና ኒውትራሉን (የኮረንቲ መመለሻውን ሽቦ) አንድ ላይ የሚቆርጥ ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ፣ ሣጥኑ ከመሰካቱ በፊት፣ በመልቲሜትር ከስፒናው የኧርዝ ነጥብ እስከ ሣጥኑ ብረት ይለኩ፤ ንባቡ ከ1 ኦም በታች፣ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ግን የግድግዳው ሶኬት ራሱ ኧርዝ ከሌለው ከንቱ ነው፤ የኧርዝ ከንፈር እያለው ከኋላው ሽቦ ያልተዘረጋለት ሶኬት አለና ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስፈትሹት፤ በዚያው ኮረንቲ ወደ መሬት ሲሾልክ መስመሩን የሚያቋርጥ የ30 ሚሊአምፔር ብሬከር እንዲገጥሙልዎት ይጠይቋቸው።