የዛገ ብሎን ሲያጋጥማችሁ

የእንጨት ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከአገር ቤት ይዤ የወጣሁት የበርና የመስኮት ሙያ ነበር። ሲያትል ስገባ ጀልባ ጥገና ላይ አዋልኩት። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሥራ ነው፤ የእንጨት መሪ ሲታደስ የተበላውን ብረት ስለ መንቀል።

መሪ ከሸራ ጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ አቅጣጫ የሚያስይዘው ጣውላ ነው። የሚያያዘው እንደ በር ማጠፊያ ወንዴና ሴቴ ባለው ብረት ነው፤ ማጠፊያው ደግሞ ጣውላው ላይ በብሎን ይታሰራል። ያ ብረት ሲያትል አጠገብ ባለው የባሕር ወሽመጥ፣ በፒውጀት ሳውንድ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲውል ሲያድር ዓመታት ያልፋሉ።

የመጀመሪያ መሪዬን አልረሳውም። ቶሎ ጨርሼ ላሳይ ብዬ ትራፓኖውን ብሎኑ ላይ ጫንኩት። ጭንቅላቱ ቋ ብሎ ተቆረጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ስብራቱን ሳየው ቢጫ አልነበረም፤ ቀላ ያለ ሮዝ ሆኗል። ናስ ነበር። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ጨው ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ አውጥቶ የሚፈረፈር መዳብ ይተዋል። ከላይ ስታዩት ግን ደህና ብሎን ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ ብረቱን ሳልለይ ካቻቢቴ አላነሳም። ነሐስ (መዳብና ቆርቆሮ) ከሆነ ብዙ ጊዜ እሺ ብሎ ይወጣል። አይዝጌ (ስቴንለስ) የሚባለው ብረት አታላይ ነው። አየር በማያገኝበት እርጥብ እንጨት ውስጥ ይበላል፤ ጭንቅላቱ እያብለጨለጨ አንገቱ ሳስቶ ታገኙታላችሁ። ተራ ብረት ሲዝግ ያብጥና እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ እንጨቱ ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዓይነት ከሆነ ዙሪያውን ያጠቁረዋል።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ። የብሎኑን ስንጥቅ፣ ማለትም ጭንቅላቱ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበትን፣ በመርፌ ጠርጉት፤ ድሮ የተቀባ ቨርኒሽ ሞልቶት ይሆናል። ካቻቢቴው ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ ይሙላ። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን ካውያ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉ። ሙቀቱ ብረቱን ይለጥጠዋል፣ የቆየ ማጣበቂያም ያላላል። ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት። አዎ፣ አጥብቁት! ንቅንቅ ሲል ትሰሙታላችሁ፤ ያን ጊዜ ወደ መፍቻው መልሱት። እምቢ ካለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የዝገት ዘይት ግን አትርጩ። እንጨቱ ይመጥጠውና በኋላ ኮላም ቨርኒሽም አይዝላችሁም።

ተሰበረ እንበል። በመሮ አትፈልፍሉት፤ እኔ ፈልፍዬ መሪውን አበላሽቻለሁ። ጫፉ ጥርስ የወጣለት ቀጭን የብረት ቱቦ ትራፓኖ ላይ ግጠሙ፣ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ብሎኑን ከነእንጨቱ አውጡት። ቀዳዳውን ከዚያው ዓይነት እንጨት በተላገ ድቡልቡል ውታፍ ድፈኑ። እንጨቱ ካልደረቀ ግን አትድፈኑ፤ ይህ ቀናት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

አዲሱ ብሎን ከማጠፊያው ጋር አንድ ዓይነት ብረት ይሁን። ጨው ውሃ ውስጥ ሁለት የተለያየ ብረት ከተነካካ አንዱ ሌላውን ይበላል። ክሩንም ሰም አስነኩት፤ አንድ ቀን የሚፈታው ሰው አለ።

አክባሪያችሁ