ለገላኑ ሥራ እሺ በይ

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። ባለቤትሽ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ አንቺን ለመውሰድ ያስገባው የአይ-130 ማመልከቻ ጸድቆ ወረቀታችሁ የአሜሪካው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ከደረሰ ወራት አልፈዋል። የኤምባሲውን ቀጠሮ ስትጠብቂ ገላን ያለ አንድ ፋብሪካ በ12,000 ብር ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥርሽ ፈልጓል። ባለቤትሽ "የምልክልሽ አይበቃሽም ወይ?" ይላል፤ አማትሽ ደግሞ "ዛሬ ነገ የምትበር ልጅ ምን ሥራ ትይዛለች!" ይላሉ።

አማትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሁለት ዓመት ሄዷል። በየሰፈራችን "ፕሮሰስ ላይ ናት" የተባለች ልጅ እንዳትሠራ፣ እንዳትማር፣ ወንበር እንኳ እንዳትገዛ ይፈረድባታል። ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ሊመጣ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሊመጣ ይችላል። ፋብሪካው ግን ቦታውን ላንቺ ብሎ ክፍት አድርጎ አይቆይም።

ባለቤትሽ የሚልከውን ገንዘብ አላቃልልም። ነገር ግን ያ ገንዘብ የሥራ ልምድ ማስረጃ አይጽፍልሽም። ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር፣ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር፣ ይጨምርበታል። ሌላም አለ፤ የወጪ መጋራት ዕዳሽን እስካልዘጋሽ ዋናው ዲግሪ በእጅሽ አይገባም። ያለ ትምህርት ማስረጃሽ ደግሞ አሜሪካ ደርሰሽ ዲግሪዬ ይገምገምልኝ ማለት አትችይም። ያንን ዕዳ ከራስሽ ደመወዝ ክፈይው። ባልሽን ለዚህም ብር ላክልኝ ከማለት ያድንሻል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉትን የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞች በመቁረጥ ነው፤ የውጭ ትምህርት ዕድል እስኪመጣልኝ ብዬ። ዕድሉ ሳይመጣ ሒሳብ ክፍል ገባሁ፤ ከዚያም ወደ ቅጥር ክፍል ተዛወርኩ። ለዓመታት የሰው ማመልከቻ ሳገላብጥ መጀመሪያ የማየው ከምረቃ እስከዚያ ቀን ያለውን ጊዜ ነበር። በፋብሪካ ሒሳብ ክፍል አንድ ዓመት የቆየ ሰው የባንክ ማስታረቂያ ሠርቷል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ አሳውቋል፤ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መዝግቧል፤ ሰኔ 30 ሲደርስ መጋዘን ገብቶ አቧራ እየዋጠ ዕቃ ቆጥሯል። ይህ ሰው ሌላ አገር ሄዶ ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሚያወራው አያጣም።

ሥራ ከያዝሽ ቪዛው ይበላሻል ያሉሽ ጎረቤቶች ከየት እንዳመጡት እንጃ። የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻው፣ የዲኤስ-260 ቅጽ ራሱ፣ ያለፉትን 10 ዓመታት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል። ገላን የሠራሽውን እንዳለ መጻፍ ነው። በዋናነት የሚመረመረው ጋብቻችሁ እውነተኛ መሆኑና የባለቤትሽ ገቢ ነው።

"የቪዛውን ነገር ለአሠሪው ልደብቀው ወይ?" ብለሻል። ሳትጠየቂ የማውራት ግዴታ የለብሽም፤ ከተጠየቅሽ ግን አትዋሺ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የኢሚግራንት ቪዛ ደግሞ ሲሰጥ በአብዛኛው እስከ 6 ወር የመግቢያ ጊዜ አለው። ስለዚህ በሌሊት እንደሚጠፋ ሰው ሳትሆኚ፣ የያዝሽውን መዝገብ በወጉ አስረክበሽ፣ የልምድ ማስረጃሽን ተቀብለሽ ለመሄድ ጊዜ ይበቃሻል። ማስረጃውን በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ልውሰድ ወይ ያልሽውን የነርስ ረዳትነት ሥልጠና እዚህ ከፍለሽ አትውሰጂ፤ እዚያ አሜሪካ የምትኖሪበት ግዛት ያጸደቀውን ሥልጠናና ፈተና እንደገና ይጠይቁሻል። ለእንግሊዝኛሽ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ሰኞ ወደ ፋብሪካው ስትሄጂ ስለ ሰርቪስ መኪና ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ተያዥ ጠይቂ። ለሒሳብ ሠራተኛ ዋስ ሳይጠይቁ አይቀሩም፤ ደመወዝተኛ ዋስ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከዛሬ ጀምረሽ ሰው ፈልጊ። ውሉ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ታገለግያለሽ የሚል አንቀጽ ካለም ሳታነቢ አትፈርሚ።