«አይቶ ዘጋኝ»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። 31 ዓመቴ ነው፤ ባሕር ዳር ሽምብጥ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ የተከታታይ ድራማ ተዋናይ አለ፣ ስሙ ይቅር። እናቴን ሌሊት ሌሊት ሳስታምም እሱን ማየት ጀመርኩ፤ እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፣ እኔ ግን ድራማውንም ቲክቶኩንም አልተውኩም። ጥቅምት ላይ ሐይቁ ዳር ሊቀረጽ ሲመጣ ሄጄ ቆምኩ። አጠገቤ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና አለፈ። እንደማያውቀኝ አውቃለሁ፤ ግን አይቶ የዘጋኝ ነው የመሰለኝ። ባለፈው ወር ደግሞ ቀለበት ማሰሩን በስልክ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ የደንበኛ ቀሚስ እጀታውን ገልብጬ ሰፋሁ። እኅቴ «ባልሽን ወሰዱብሽ አሉ» እያለች ትስቃለች። አብጄ ይሆን?
ልብስ ሰፊዋ

መልስ፦ አላበድሽም ልጄ። የቀሚሱን ባለቤት ግን ካሻት።

«አይቶ ዘጋኝ» ያልሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። ሰው የሚዘጋው የሚያውቀውን ነው። አንቺም ይህን አላጣሽውም፤ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይንሽን እያየ «እንዴት አመሻችሁ የኔ ውዶች» ሲልሽ ኖሯል። እሱ የሚያየው የካሜራ መስታወት ነው፤ አንቺ የምታዪው ፊት ነው። ልብ ደግሞ ፊት ከለመደ፣ ድምፅ ከለመደ፣ ቤተኛ አድርጎ ይቆጥራል።

ነገሩ ከስልክ ጋር የመጣ እንዳይመስልሽ። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈውበታል። ከጠቀሷቸው አንዷ የሬዲዮ ሴት ናት፤ ስሟን ደብቃ፣ ብቸኛ ነኝ እያለች፣ ለአንድ ወንድ ብቻ የምታወራ አስመስላ ታወራለች። የጋብቻ ጥያቄ በደብዳቤ ይመጣላት ነበር። ወንዶቹ ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ወሬው የተሰናዳው እያንዳንዱ «ለኔ ነው» እንዲል ነው።

እኔስ ብሆን? በደርግ ጊዜ ዘጌ አስተማሪ ሳለሁ ማታ ማታ ጓደኛዬ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ዜና አንባቢው «ደህና እደሩ» ሲል ጮክ ብዬ «ደህና እደር» እለው ነበር። አንድ ማታ አከራዬ ኩራዝ ይዘው መጡ፤ «ማንን ነው ያስገባሽው?» ብለው አልጋው ሥር ሳይቀር አዩ። ሬዲዮኑን ባሳያቸው ጭራሽ ተናደዱ።

በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ ሲያርፍ ደግሞ በሰፈራችን እንባዋን ያልጠረገች ሴት አልነበረችም። በአካል ያየችው ስንቷ ናት? ማንም ማንንም «ምንሽ ነው?» አላለም። የጥላሁን ሐዘን አልቃሹ ብዙ ነበር፤ ያንቺው ሰውዬ ግን ቀለበት አሰረ፣ ሌላው እልል ሲል አንቺ ብቻሽን ታለቅሻለሽ። የከበደሽ አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ሌላውን ምክንያት ያየሁት ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነብ ነው። ስለ ተዋናዩ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ለእናትሽ የሰጠሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷንም ከቲክቶክ ጋር ተጋርታለች። ጆናታን ኮኸን የተባለ እስራኤላዊ ተመራማሪ ተመልካቾችን «የምትወዱት ሰው ከቴሌቪዥን ቢጠፋ ምን ይሰማችኋል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ይበልጥ እንጎዳለን ያሉት በእውነተኛ ኑሯቸውም የቀረባቸው ሰው ትቷቸው እንዳይሄድ የሚሰጉት ናቸው። እናትሽን ስታስታምሚ እነዚያን ሌሊቶች ካንቺ ጋር ነቅቶ ያደረው የተዋናዩ ድምፅ ነው። እናትሽ ሄደች፣ ድምፁ ቀረ። አሁን እሱም የሌላ ሰው ቤት ሲገባ እናትሽ እንደገና የሞተች ያህል ሆነብሽ። እንግዲህ ልሳሳት እችላለሁ፤ ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ቡና አልጠጣሁም።

ገጹን አጥፊ አልልሽም። «በድራማው ይህን ያለው ለኔ ነው» ማለት ከጀመርሽ ግን፣ ወይም ሥራሽን ዘግተሽ አዲስ አበባ በሩ ላይ ልቁም ካልሽ፣ ለኔ መጻፉን ትተሽ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በስሙ ገጽ ከፍቶ «እኅቴ፣ ገንዘብ ቸግሮኝ ነው» የሚልሽ ከመጣም ሌባ ነው፤ አንድ ብር እንዳትልኪ።

እኅትሽን እሑድ ሐይቁ ዳር ቡና ጋብዣት። ሳትጣሉ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ እናታችሁ ሌሊት ውኃ ስትል እሷ የት ነበረች? መልሷን ጻፊልኝ።